መክትን የምትፈታው ሴት

እኔ ውሻ እፈራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ከእኔ ጀግንነት እንዳይጠብቅ ነው። ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ባለ የቡናና የዝንጅብል መጋዘን ውስጥ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ከበሩ እስከ ቢሮዬ የምሄደውም አጥሩን ታክኬ ነው። ምክንያቱም ከመጋዘኑ ጎን፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር፣ መክት አለ። መክት የግቢው ውሻ ነው። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይለቀቃል፣ ሲነጋ መልሶ ይታሰራል። ቡና ለቃሚዎቹ ሴቶች «ጋሽ ወንደሰን፣ ሰንሰለቱ እኮ እስከዚያ አይደርስም» እያሉ ይስቁብኛል። ሰንሰለት አይበጠስም ያለው ማነው እላቸዋለሁ።

ይህን ውሻ ዛሬ የምትፈታውና የምታስረው ሽታዬ ናት። ከእኔ ቀጥሎ በዚህ ግቢ ውስጥ እንደ እሷ ፈሪ አላውቅም፤ ለዚህም ነው ስለ እሷ የምጽፈው።

ሽታዬ የገሱባ ልጅ ናት። ሶዶ የመጣችው ባዳቾን አግብታ ነው። መጀመሪያ ገበያ ላይ እነሱ ቦይና የሚሉትን ጎደሬ ትሸጥ ነበር፤ በኋላ ባሏ እኛ ግቢ ዘበኛ ስለነበር አነጋግሮላት ከቡና ለቃሚዎቹ ጋር ተቀመጠች። ትንሽዬ ሴት ናት፤ እጇ ፈጣን፣ ድምጿ ቀስ ያለ። ከኋላዋ ሰው ከጠራት ሰፌዱ ከእጇ ይወድቃል። የለቃሚዎቹ አፍ የሆነችው ሶፊ «ደንጋጣዋ» የሚል ስም አውጥታላት ነበር፤ ሁላችንም በዚያው ጠራናት። እሁድ ግን በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያኗ የሴቶችን ጸሎት የምትመራው ይህችው ደንጋጣ ናት አሉ። አንዲት ልጅ አላት፤ መቅዲ ትባላለች፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት።

ባዳቾን ደግሞ የማያመሰግን አልነበረም። ግዙፍ፣ ዝምተኛ፣ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው። ማታ ማታ ያንን ወፍራም አረንጓዴ ካፖርቱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ሲገባ ግቢው በሙሉ እፎይ ይላል። የመጋዘኑ ባለቤት አቶ አድነው መክትን በቡችላነቱ ሲያመጡት አንድ ትእዛዝ አወጡ፦ ከባዳቾ በቀር ማንም አያበላውም፣ ማንም አይነካውም፣ ማንም በስሙ አይጠራውም። «የጥበቃ ውሻ ሰው ከለመደ ድመት ነው» ይላሉ። በከተማችን ውሻ የሚያሳድግ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያስበው። ስለዚህ መክት አድጎ እስኪያረጅ ድረስ በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ እጅ ብቻ ነበር፤ እሱም የባዳቾ።

ባዳቾ በክረምቱ መግቢያ ታመመ። ዱቦ ሆስፒታል ተኝቶ ቆይቶ ሳይነሳ ቀረ። ለቅሶው ላይ ካፖርቱን በዱላው ላይ ሰቅለው በሰው መካከል አዞሩት፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሽታዬ ግን ካፖርቱ በአጠገቧ ሲያልፍ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች፤ ሐዘን አደንዝዟት ነው አልን።

በዚያ መሀል መክትን ማን ያስታውሰው? አንድ እጅ የሚያውቅ ውሻ ያ እጅ ሲሞት ምን ይሁን? ዛፉ ሥር ቀንና ሌሊት ታስሮ ቀረ። ምግቡን በአካፋ እየገፋን፣ ውሃውን በጎማ እየለቀቅንለት ሰነበተ። ሲያላዝን ከቢሮዬ እሰማዋለሁ።

አቶ አድነው ክፉ ሰው አይደሉም። ለቅሶው ሲያበቃ ሽታዬን ጠርተው የባሏ ሥራ የእሷ እንደሆነ ነገሯት። የሟችን እንጀራ ለቤተሰቡ ማቆየት የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ እሳቸውም ተመሰገኑ። ሆኖም ውሻው ለእሷ ካልታዘዘ ዘበኝነቱ ከንቱ ነው አሉ። በዚያ ሰሞን በመንገዱ ወዲያ ማዶ ካለው መጋዘን ዝንጅብል በመኪና ተጭኖ ተሰርቋል። ሰንሰለት ላይ የሚያድር ውሻ ለሌባ ደወል ነው እንጂ ጠባቂ አይደለም፤ ይህ የሳቸው አነጋገር ነው። በለቃሚነቱ ቦታዋ ደግሞ ሌላ ሴት ገብታበታለች። እንግዲህ ሽታዬ መክትን መፍታት አለባት፤ አለዚያ እሷም ሥራ የላትም፣ መቅዲም ትምህርቷን አቋርጣ ሰው ቤት መቀጠሯ ነው። ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር።

ምክሩን ማን እንደጀመረው አላስታውስም። ሁላችንም ግን ተናግረነዋል፤ ሽማግሌዎቹም፣ ሶፊም፣ እኔም፦ «ካፖርቱን ልበሺው። ውሻ ሰው የሚያውቀው በጠረኑ ነው። የጌታውን ጠረን ሲያገኝ ይገዛልሻል።» የሟችን ልብስ መልበስ ለሐዘንተኛ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ወግ ነው። ሽታዬ ካፖርቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን እጅጌው ውስጥ ስታስገባ ክንዷ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ናፍቆት ነው ብዬ ዓይኔን መለስኩ።

የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ስትል ሁላችን ወጥተን ቆምን። እኔ ደረጃው ላይ ነኝ፣ ከበሩ እጀታ ሳልርቅ። ሽታዬ ካፖርቱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዶ፣ የውሻውን ምግብ በሰሐን ይዛ ወደ ዛፉ ሄደች። መክት አልጮኸም። ጆሮውን ወደ ኋላ አጣበቀ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መሀል ቀረቀረ፣ አፉን ላሰ፣ አንገቱን ወደ ጎን አዞረ። «አወቃት!» አለች ሶፊ። እኛም አወቃት፣ አከበራት አልን። ዝም ያለ ሁሉ እሺ ያለ ይመስለናል።

ሽታዬ ወደ አንገቱ እጇን ስትሰድ መክት ክንዷን ያዘ። እንዴት እንደተነሳ እንኳ አላየሁም። የሰማሁት የሰሐኑን መንኳኳትና የእሷን ትንፋሽ ነው፤ አልጮኸችም፣ ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ወደ ኋላ ወድቃ ከሰንሰለቱ ክልል በክርኗ እየዳኸች ወጣች። ካፖርቱ ወፍራም ስለሆነ አጥንቷ ተረፈ እንጂ ጥርሱ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። እኔ ያን ጊዜ ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ፤ በሩን መቼ እንደዘጋሁት አላውቅም።

ጤና ጣቢያ ወስደን መርፌ አስጀመርናት። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ የሚወራው አንድ ነገር ሆነ፦ አብዷል። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው እንዴት እንደሚሞት ያላየ እንኳ አይቻለሁ እያለ ያወራ ጀመር። ሽታዬ ውሃ በጠጣች ቁጥር ለቃሚዎቹ ጉሮሮዋን ያያሉ። እሷም ይህን እያወቀች ብርጭቆውን ይዛ ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

አቶ አድነው ከእንስሳት ክሊኒክ ብሩክታይት የምትባል ባለሙያ አመጡ። ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ውሻው የእብደት ክትባት መከተቡን አቶ አድነውን ጠየቀች፤ ተከትቧል። ሩቅ ቆማ ለብዙ ጊዜ አየችው፣ ምግብ ወረወረችለት፣ ሲበላና ሲጠጣ ጠበቀች። ያበደ አይመስለኝም፣ ቢሆንም መርፌው ይቀጥል፣ ውሻውም አይገደል፣ እየታየ ይቆይ አለች። ከዚያ ነገሩን አብራራችልን። ውሻ የሚያበላውን ሰው በባዶ ሜዳ አይነክስም። አንገቱ ወይም ጆሮው ታሞ ሲነኩት ይነክሳል፤ ምግቡን የሚቀሙት መስሎት ይነክሳል፤ ከሁሉም አብዝቶ ግን ፈርቶ ይነክሳል። ጅራቱን እዩት አለች፤ ይህ ንቀት አይደለም፣ ቁጣም አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ «ማነው የሚመታው?» ብላ ጠየቀች።

እንዲያው ተቀየምን። ከባዳቾ በቀር የነካው የለም፤ ባዳቾ ደግሞ ማን እንደነበር ከተማው ያውቃል። ሶፊ «ሙት ወቃሽ አያድርግሽ እህቴ» አለቻት። ሽታዬ የታሰረ ክንዷን አቅፋ ቆማ ነበር።

አቶ አድነው ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። እስከ ቅዳሜ ካልተፈታ አንድ የቀድሞ ወታደር የራሱን ውሻ ይዞ ይመጣል፣ መክትም ሥጋ ውስጥ መርዝ ይበላል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽታዬን ፍርሃት በዓይኔ አየሁት። ጠዋት ደህና ናት። ፀሐይዋ ወደ ጉኑኖ በኩል መውረድ ስትጀምር ከንፈሯ ይደርቃል፣ የካፖርቱን ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል። በወላይትኛ መዝሙር እያንጎራጎረች ትሄዳለች፤ ዛፉ ጋ ስትቃረብ መዝሙሩ ይቆማል። መክትም በየቀኑ ይብስበታል። ከግንዱ ጋር ተጣብቆ መላ አካሉ ይርገፈገፋል፣ ከዚያ ይወረወራል። እሷም ትመለስና ከመጋዘኑ ጀርባ ሄዳ ታስመልሳለች። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ በመስኮቱ በሌላ በኩል ወረቀት አገላብጣለሁ።

ሐሙስ ዕለት ሶፊ አንድ ሐሳብ አመጣች። ካፖርቱ ብቻውን አልበቃም፣ የባዳቾን ዱላም ትያዝ። ጥሩ ነው አልን። ሽታዬ ካፖርቱን ለብሳ ዱላውን ይዛ ብቅ ስትል መክት ገና ከሩቅ አይቷት ጮኸ፤ ሰንሰለቱ ሲወጠር አቮካዶው ተነቃነቀና ፍሬው ረገፈ። የዚያን ቀን ሰንሰለቱ ይበጠሳል ብዬ ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ያን ምሽት ሁላችንም ግቢውን ጥለን ቶሎ ወጣን።

ዓርብ ከሰዓት በፊት ከዳሞታ ተራራ የመጣ ዝናብ ሽታዬን መንገድ ላይ ያዛት። ስትደርስ ካፖርቱ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ ከዘበኛ ቤቱ ፊት ባለው ሽቦ ላይ፣ እጅጌዎቹን ዘርግታ አሰጣችውና የውሻውን ምግብ ልታሞቅ ገባች። እኔ ዕቃ ላስረክብ ወጥቼ ነበር፤ ለቃሚዎቹም በረንዳው ላይ ናቸው። ነፋስ ተነሳ፣ ካፖርቱም ትከሻው ሞላ።

መክት አየው። የጮኸው ጩኸት የውሻ አልነበረም፤ ልጅ ሲያለቅስ ነው የሚመስለው። ሆዱን ጭቃው ላይ አጣበቀ፣ ሽንቱ ከሥሩ ፈሰሰ። ከዛፉ ጀርባ ልሂድ ብሎ እየተሳበ ሰንሰለቱ አንገቱን እስኪያንቀው ድረስ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም። ነፋሱ አንዱን እጅጌ ከፍ ሲያደርገው ዞሮ የዛፉን ግንድ ነከሰ። ደጋግሞ ነከሰው፤ ልጡ እየተላጠ ወደቀ። በካፖርቱ ውስጥ ሰው የለም። ሽቦ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ነው።

እንደዚያ ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም፤ ውሻውን ግን አልነበረም የፈራሁት። ሶፊ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ማናችንም የሌላውን ፊት ማየት አልቻልንም፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ የብሩክታይትን ጥያቄ አስታውሰናል።

ሽታዬ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። ካፖርቱን አየች፣ መክትን አየች። ከዚያ ሄዳ ካፖርቱን ከሽቦው ላይ አወረደችና ወደ ውስጥ ገልብጣ አጣጥፋ ዘበኛ ቤት አስገባችው። መክት ቀስ በቀስ ዝም አለ። በሽታዬ ፊት ላይ ድንጋጤ ፈለግሁ፣ አጣሁት። በድስት ክዳን መውደቅ የምትደነግጥ ሴት አልደነገጠችም።

ቅዳሜ ማታ አቶ አድነው መኪናቸውን ግቢው ውስጥ አቁመው መስኮቱን ከፍተው ጠበቁ። ሽታዬ በራሷ ቀሚስና ሹራብ፣ ሻሿን አስራ ወጣች። አቶ አድነው ካፖርቱ የት አለ አሉ። ያለሱ ዘበኛ አትመስልም፣ ውሻውም የሚያውቀው እሱን ነው ባይ ናቸው። እኛ ያየነውን ማን ይንገራቸው?

«አልለብስም ጋሼ» አለች።

ሽታዬ ለሰው አልፈልግም ስትል ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም ሳይገርማቸው አልቀረም። እሷ ሰሐኑን ይዛ ሄደች። ፊት ለፊት አልሄደችበትም፣ ዞር ብላ በጎን በኩል፣ መሬት መሬት እያየች ነው። ሰንሰለቱ ከሚደርስበት ወሰን ገባ ብላ አንድ የቲማቲም ሳጥን ደፍታ ጎኗን ሰጥታው ተቀመጠች። መክት አጉረመረመ። እሷ በወላይትኛ በለሆሳስ ታወራው ጀመር። ባዳቾ ውሻ የሚያዘው በአማርኛ ነበር፤ ትእዛዝ በአማርኛ ይጠነክራል ብሎ ያምናል። መክት ይህ ቋንቋ ለእሱ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም፣ ዱላም ተከትሎት አያውቅም። ጆሮውን አነሳ።

አቶ አድነው ሰዓታቸውን አዩ። ሽታዬ ሁለቱን ባዶ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቆየች። መክት አንድ እርምጃ መጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና መጣ። ዓይኑን ከእጆቿ ላይ ሳይነቅል በላ። ያልታሰረ እጇን ወደ አንገቱ ስትሰድ አጉረመረመ፤ እሷ አቆመች። እሱም አቆመ። እንደገና ሰደደች፣ እንደገና አጉረመረመ፣ እንደገና አቆመች። ዓይኔን ጨፍኜ የባሰ ስለፈራሁ መልሼ ገለጥኩት። ከዚያ የሰንሰለቱ መቆለፊያ ሲላቀቅ ሰማሁ።

መክት ተወረወረ፤ ግን ወደ እሷ አይደለም። በተቻለው ፍጥነት ከሰው ሁሉ ርቆ እስከ ዳርቻው ግንብ ሮጠ። እዚያ ቆሞ ለሃጩን እያዝረከረከ ተመለከተን። ከዚያ አጥሩን እያሸተተ ዞረ፣ በሩ ጋ ደረሰና በአቶ አድነው መኪና ላይ አምርሮ ጮኸ፤ እሳቸውም መስኮታቸውን ዘጉ። በመስታወቱ ውስጥ ሲስቁ አየሁ። ኋላ ላይ ሥራው የሽታዬ እንደሆነ ነግረውኝ «የባዳቾ ነፍስ ረድቷታል» አሉ። እሺ አልኩ፤ ምን ልበል?

እነሆ ሽታዬ ዘበኛ ናት። መክት አልተላመዳትም፤ እንድትዳብሰው አይፈቅድም፣ እሷም አትሞክርም። አንዴ ስጠይቃት አሁንም በየምሽቱ እንደምትፈራው ነገረችኝ። ክንዷ ላይ ጠባሳው አለ። መቅዲ ትምህርቷ ላይ ናት።

አንድ ጠዋት ወደ ንብረት ክፍል መጥታ ረጅም የብረት ሽቦ ጠየቀችኝ። ከአቮካዶው እስከ መጋዘኑ ጀርባ ድረስ ወጥራ ሰንሰለቱን በቀለበት ልታንሸራትትበት ነው፤ ውሻው ሲፈልግ ከሰው ዓይን ዞር እንዲል። እኔ ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ልጠይቃት የምፈልገው ነገር ነበረኝና ብቻችንን መሆናችንን አይቼ ጠየቅኋት። እንደዚያ ያለ ሰው ውሻውን ለምን ይመታዋል?

«ይፈራው ነበራ» አለች። ቀላል ነገር እንደምትናገር ሁሉ። ሳይቀድመኝ ልቅደመው ይል ነበር አለችኝ።

አንቺ ግን የነከሰሽ ውሻ አጠገብ ባዶ እጅሽን እንዴት ተቀመጥሽ አልኳት። ሽታዬ መልስ ከመስጠቷ በፊት በሩን አየች፤ በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

«ጋሽ ወንደሰን፣ እኔ ዱላው ሲብስብኝ መቅዲን አዝዬ ገሱባ እናቴ ጋ እሄድ ነበር» አለችኝ። «እሱ ታስሯል። ወዴት ይሂድ?»

ሽቦውን ከመደርደሪያው አወረድኩላት። ሳላስፈርማት ሰጠኋት።